ቤት ስለ ገባው መርፌ

በእስራኤል አገር በሀደራ ምዕራብ ለተሰበሰቡ ወገኖች የተደረገ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



መርፌ በአገራችን ሰው ዘንድ የነበረው ክብር ታላቅ ነበረ። በወገራና በደምቢያ፣ በሰሜንና በወልቃይት የኖረ ሰው፣ ከሐኪም ቤት ኪኒን ብቻ ተሰጥቶት ሲመለስ አልታከምሁም ብሎ ያዝን እንደ ነበር፣ መርፌ የተወጋ እንደ ሆነ ግን ሕማሙ ገና ሳይለቀው ልቡ ረክቶ ወደ ቤቱ ይገባ እንደ ነበር፣ ከእናንተ መካከል ዕድሜ የጠገቡት ያስታውሳሉ። መርፌውንም የሚይዘው ሐኪሙ ወይም ድሬሰሩ ነበረ፤ ከገበያ ገበያ እየዞረ የሚወጋ መርፌ ወጊ ቢኖርም፣ እርሱም ቢሆን እንደ ባለ ጥበብ ይፈራና ይከበር ነበረ እንጂ፣ ሰው በገዛ እጁ የገዛ ሥጋውን ይወጋል ብሎ ያሰበ ማንም አልነበረም።

ዛሬ ግን ያ መርፌ ከሐኪሙ እጅ ወጥቶ፣ መልኩንም ለውጦ፣ የጽሕፈት ብዕር መስሎ በየቤታችን ፍሪጅ ውስጥ ከእንቁላሉና ከወተቱ አጠገብ ተቀምጧል። ኦዜምፒክ፣ ዊጎቪ፣ ሞንጃሮ፣ ሳክሴንዳ የሚባሉት፣ ለስኳር ሕመምና ክብደት ለመቀነስ የሚወጉት መድኃኒቶች ስሞች ከኩፓት ሆሊም፣ ማለት ከጤና መድን ክሊኒክ፣ ወረፋ አንሥቶ እስከ ቡናው ረከቦት ዙሪያ ድረስ ይሰማሉ። እኔም በፊታችሁ የቆምሁት መድኃኒቱን ላወድስ ወይም ላወግዝ አይደለም፤ ሐኪም መርምሮ ላዘዘለት ሰው መልካም መድኃኒት ነውና። የመጣሁበት ምክንያት፣ ብዙ ሰው መፈራት የማይገባውን ሲፈራ፣ መፈራት የሚገባውን ግን ሲንቅ ስላየሁ ነው። መርፌይቱ ራስዋ ርዝመትዋ ብዙ ጊዜ 4 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ከቆዳ በታች ካለው ስብ አልፋ አትሄድም፤ ሕመምዋም ከትንኝ ንክሻ አይበልጥም። ጠንቁ ያለው በብዕሩ መስኮት ላይ በሚታየው ቁጥር፣ በፍሪጁ ውስጥ ባለው መደባለቅ፣ ዕቃውንም በሰጠን ሰው ማንነት ላይ ነው።

ይህ ነገር በዚህች ከተማ መነገሩ ያለ ምክንያት አይደለም። ሀደራ በ1891 ስትቆረቆር በረግረግ የተከበበች ነበረችና፣ በመጀመሪያዎቹ ሃያ ዓመታት ከ540 ነዋሪዎችዋ 214ቱ በወባ እንዳለቁ ታሪክዋ ይነግረናል፤ ቆላ ወርዶ የተነደፈ፣ በሱዳን መንገድም ልጁን በንዳድ የቀበረ ወገናችን ይህን ሲሰማ ምን ማለት እንደ ሆነ ለማስረዳት ቃል አያሻውም። ወባን በመዋጋት የደከመው ሐኪም ሂሌል ያፌ ይባል ነበረ፤ በ1957 የተከፈተው የከተማይቱ ሆስፒታልም በእርሱ ስም ተጠራ። በዚሁ ሆስፒታል የስኳር ሕመምና የዕጢዎች ክፍል ኃላፊ የነበሩት ዶክተር አናት ያፌ፣ ከኢትዮጵያ የመጡት ሕሙማን ቁጥር እየበዛ መሄዱን፣ የሐኪሙም ምክር በቋንቋና በልማድ ልዩነት ምክንያት መንገድ ላይ እየቀረ መሆኑን አይተው፣ በ1998 ቴኔ ብሪኡት የተባለውን ድርጅት ከማኅበረሰቡ ልጆች ጋር አቋቋሙ። የድርጅቱ ሥራ ስለ ስኳር ሕመም በአማርኛ ማስተማር፣ በሐኪምና በሕሙም መካከልም በስልክ እስከ ማስተርጐም የደረሰ ነው።

ምክንያቱም ግልጥ ነበረ። በ1984 እና በ1985 በዘመቻ ሙሴ፣ በ1991ም በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 የሚበልጥ ሕዝብ በ36 ሰዓት ውስጥ ወደ እስራኤል ተጓጉዞ ሲገባ፣ ከገጠር የመጣው ወገናችን የስኳር ሕመምን በስሙ እንኳ እምብዛም አያውቀውም ነበረ። የወንዝ ውኃ የሚቀዳው፣ ማሳ የሚታረሰው፣ ገበያም የሚወጣው በእግርና በጉልበት ነበረና። እዚህ ግን ጤፉ በነጭ ዱቄት ተተካ፤ ጠላው በጣፋጭ የጠርሙስ መጠጥ ተለወጠ፤ ከአቦል እስከ በረካ በስኒው ውስጥ የሚጨመረው ስኳርም እየበዛ ሄደ፤ እግሩም ከአውቶቡስና ከፋብሪካ ማሽን አጠገብ ቆሞ ቀረ። ከጥቂት ዐሥርተ ዓመታት በኋላ በማኅበረሰባችን የስኳር ሕመም ከሌላው የአገሩ ነዋሪ በልጦ ተገኘ። የዶክተር ያፌና የባልደረቦቻቸው ጥናት ያሳየው ሌላም ነገር አለ፤ ይኸውም በሌላው ሕዝብ ዘንድ ጤናማ በሚባል ክብደት ላይ ሳለ በዚህ ሕመም የሚያዝ ሰው በእኛ ዘንድ መብዛቱ ነው። ስለዚህ «እኔ ወፍራም አይደለሁምና ስኳር አይነካኝም» የሚል ሰው ራሱን ያታልላል፤ «ወፍሬአለሁና መርፌውን ስጡኝ» ብሎ ከጎረቤት የሚለምነውም እንዲሁ።

ስለ መድኃኒቱ ጠባይ ጥቂት ልበል። ምግብ ወደ አንጀታችን ሲደርስ አንጀቱ ራሱ አንድ መልእክተኛ ቅመም ወደ ደም ይልካል፤ ያም መልእክተኛ ቆሽትን ኢንሱሊን አውጣ ይለዋል፤ ጨጓራን ቀስ ብለህ አስተላልፍ ይለዋል፤ አእምሮንም በቃህ ይለዋል። ነገር ግን በደም ውስጥ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ሊቃውንቱ የሚቆይ ሲፈልጉ፣ ጆን ኢንግ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1992 እርሱን የሚመስል ነገር በምድረ በዳ በምትኖር ጊላ በምትባል መርዛማ እንሽላሊት ምራቅ ውስጥ አገኘ፤ ከዚያም የተሠራው የመጀመሪያው መድኃኒት በ2005 በአሜሪካ ተፈቀደ። በኋላ ከመጡት አብዛኞቹ ከእንሽላሊቷ ሳይሆን ከሰው ቅመም አምሳያ የተሠሩ ሲሆኑ፣ ሴማግሉታይድ የተባለው፣ እርሱም በኦዜምፒክና በዊጎቪ ውስጥ ያለው፣ ከሰውነት ውስጥ ግማሹ እስኪወጣ ብቻ አንድ ሳምንት ያህል ይፈጃል። በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ የሚወጋበት ምክንያት ይህ ነው፤ በስሕተት ብዙ ተወግቶ የተገኘ ሰውም ማስታወኩና መድከሙ በአንድ ሌሊት የማያበቃለት ስለዚሁ ነው። ካስገቡት በኋላ መልሶ ማውጫ የለውም።

ሰው በቤቱ ራሱን መውጋት የጀመረው በእኛ ዘመን እንዳልሆነም ማወቅ ይገባል። ኢንሱሊን በ1922 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕሙም ከተሰጠ ጀምሮ እናቶች ለልጆቻቸው፣ ልጆችም ለራሳቸው ሲወጉ ኖረዋል፤ በብዕር አምሳል የተሠራው የመጀመሪያው የኢንሱሊን መርፌ የወጣውም በ1985 ነው። እንግዲህ ሥራው ከሰው ችሎታ በላይ አይደለም። በማኅበረሰባችን ውስጥ ኢንሱሊንን ለዓመታት በሥርዓት ሲወጉ የኖሩ፣ ፊደል ያልቆጠሩ፣ ነገር ግን እጃቸው የማይሳሳት እናቶች አሉ፤ ስለዚህ ያልተማረ ሰው ይህን አይችልም የሚለውን ቃል እኔ አልቀበለውም።

አሁን ወደ ፍሪጁ እንመለስ፤ የነገሩ ሁሉ ማዕከል እርሱ ነውና። በአንድ ቤት አባት በየቀኑ ኢንሱሊን ይወጋል፤ እናት በሳምንት አንድ ቀን ኦዜምፒክ ትወጋለች፤ ሁለቱም ብዕሮች በአንድ ሳጥን፣ በአንድ መደርደሪያ ላይ ናቸው። መብራቱ ደብዛዛ በሆነ ሌሊት፣ መነጽር ያላደረገች ሴት እጅዋን ሰድዳ የባልዋን ብዕር ብታነሣ፣ ኢንሱሊን የማያስፈልገውን ሥጋዋን በኢንሱሊን ልትመታው ነው፤ ላብ ያጠምቃታል፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ነገር ይደባለቅባታል፣ ካልተደረሰላትም ራስዋን ትስታለች። እንዲህ ያለ ነገር በደረሰ ጊዜ ነቅታ የምትውጥ እንደ ሆነ ወዲያውኑ ስኳር ያለው መጠጥ ማጠጣት፣ ወደ አምቡላንሱ ቁጥር ወደ 101ም መደወል ያስፈልጋል፤ ራስዋን ከሳተች ግን በአፍዋ ምንም አይጨመርም። ከዚህ የሚጠብቀው መላ ውድ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻው ክዳን ያለው ሣጥን አድርጎ፣ በላዩ ስሙን፣ ቀኑንም በአማርኛ በጉልህ ጽፎ፣ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች ማስቀመጥ ነው።

ፍሪጁ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይሁን፤ ብዕሩም ከበረዶ ቤቱ ግድግዳ ጋር እንዳይነካካ፤ አንድ ጊዜ የረጋ መድኃኒት ቢቀልጥም እንኳ ይጣላልና። የሀደራ ነሐሴ ምን እንደ ሆነ ታውቃላችሁ፤ በመኪና ውስጥ ተረስቶ የዋለ ብዕርም ከንቱ ነው። ብዕሩ ከተከፈተ በኋላ የሚቆይበት ዘመን እንደ ዓይነቱ ከ30 ቀን እስከ 8 ሳምንት ይለያያልና፣ የተከፈተበትን ቀን በላዩ መጻፍ ደግ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የመጠን ነገር ነው። አበውና እመው ኮሶ ሲጠጡ መጠኑን ያውቁ ነበረ፤ ለሕፃን የሚሰጠውን ለጎልማሳ፣ ለጎልማሳ የሚሰጠውንም ለነፍሰ ጡር አይሰጡም ነበረ፤ ያላወቀ ሰው አብዝቶ ጠጥቶ ሲሞት አይተዋልና። የዚህ መድኃኒት መጠን ደግሞ ከዚያ ይልቅ የረቀቀ ነው። ዊጎቪ የሚጀመረው በ0.25 ሚሊግራም ሲሆን፣ ከአራት ሳምንት በኋላ ወደ 0.5፣ ከዚያ ወደ 1፣ ከዚያ ወደ 1.7፣ በአምስተኛውም ደረጃ ወደ 2.4 ይወጣል። ሞንጃሮ ግን ቲርዜፓታይድ የተባለ ሌላ መድኃኒት ነውና፣ የሚጀመረው በ2.5 ሚሊግራም ነው። እንግዲህ አስተውሉ፤ የአንዱ የመጀመሪያ ደረጃ ከሌላው አምስተኛ ደረጃ ይበልጣል። በቡና ላይ አንዲት እኅት «እኔ በሁለት ተኩል ነው የጀመርሁት፣ ምንም አልሆንሁም» ብትል፣ የሰማችው ጎረቤትዋ በሌላው ብዕር ይህን ልታደርግ ብትነሣ፣ የምትወስደው የመጀመሪያ መጠንዋን ዐሥር እጥፍ ነው። ሁለቱም ሴቶች አልዋሹም፤ የጠፋው በመካከላቸው ያለው የመድኃኒቱ ስም ብቻ ነው። የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን በሐምሌ 2024 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ከብልቃጥ በስሪንጅ እየቀዱ ሴማግሉታይድ የሚወጉ ሰዎች ከታዘዘላቸው ከአምስት እስከ ሃያ እጥፍ ወስደው ሆስፒታል የገቡበት ጊዜ እንዳለ ገልጧል።

ገንዘብ ለመቆጠብ ሲሉ ከፍ ያለውን ብዕር ገዝተው፣ ሲዞር የሚያሰማውን ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ እየቈጠሩ የሚከፋፍሉትን ብልሆች ነን ባዮች ደግሞ እንዳትሰሟቸው እለምናለሁ። ብዕሩ የተሠራው በመስኮቱ ቁጥር እንዲነበብ ነው እንጂ በጆሮ እንዲሰማ አይደለም። ብዕርን ከሌላ ሰው ጋር መካፈልም መርፌው ቢለወጥ እንኳ አይፈቀድም፤ ደም ወደ ብዕሩ ውስጥ ተመልሶ ሊገባ ይችላልና፣ እህትማማችነትም ቢሆን ከዚህ አያድንም።

መድኃኒቱ ከየት እንደ መጣ መጠየቅም ነውር አይደለም። በጥቅምት 2023 በኦስትሪያ ኦዜምፒክ ነው የተባለ ብዕር የወጉ ሰዎች የደማቸው ስኳር ወርዶ ሆስፒታል ገብተዋል፤ በብዕሩ ውስጥ የነበረው ኢንሱሊን ሳይሆን አይቀርም ተባለ። የዓለም ጤና ድርጅትም በሰኔ 2024 ስለ ሐሰተኛ ኦዜምፒክ ለመላው ዓለም ማስጠንቀቂያ አወጣ። እንግዲህ በስልክ ቡድን «አለኝ፣ በግማሽ ዋጋ» የሚል ሰው፣ ዘመድም ቢሆን፣ ከመድኃኒት ቤት የወጣ ደረሰኝ ካላሳየ ዕቃውን ይዞ ይሂድ።

የመወጋቱ ሥራ ራሱ አጭር ነው። እጅን ታጥቦ፣ በብዕሩ ላይ ስሙንና መጠኑን አንብቦ፣ በመስኮቱም በኩል ውኃው ጥርት ያለ መሆኑን አይቶ፣ አዲስ መርፌ ማጥለቅ፤ መርፌዋ ሁለት ክዳን አላትና ሁለቱንም ማውለቅ። ብዕሩ አዲስ የተከፈተ እንደ ሆነ መመሪያው እንደሚያዝዘው አንድ ጠብታ በጫፍዋ እስክትታይ መሞከር። ከዚያ ቁጥሩን ወደ ታዘዘው አምጥቶ፣ በሆድ ላይ ከእምብርት አራት ጣት ያህል ርቆ ወይም በጭን ፊት ለፊት ቀጥ አድርጎ አስገብቶ፣ ቁልፉን እስከ መጨረሻው መጫን፤ መስኮቱ ዜሮ ካሳየም በኋላ ሳይነቅሉ በዝግታ እስከ ስድስት መቁጠር። ብዙ ሰው የሚቸኩለው በዚህች ስድስት ቁጥር ላይ ነው፤ ፈጥኖ የነቀለ ሰው የመድኃኒቱን ጥቂት በቆዳው ላይ ሲፈስስ ያየዋል፤ አይቶም ሁለተኛ ሊወጋ ይቃጣዋል፤ ይህን ፈጽሞ አያድርግ። በየሳምንቱ ቦታውን መለዋወጥ፣ ያገለገለችውንም መርፌ ነቅሎ ጠንካራ በሆነ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከትቶ መዝጋት ይገባል፤ የቆሻሻ ከረጢት የሚሸከመው የሰው ልጅ ነውና።

የሳምንቱን ቀን ስለ መምረጥ የእኔን አሳብ ብትጠይቁኝ፣ ዓርብን አልመርጥም። ማቅለሽለሹ የሚበረታው ብዙ ጊዜ በሚቀጥሉት ቀናት ነውና፣ በሰንበት ክሊኒኩ ተዘግቶ፣ ሰውም ለዕረፍቱ ተቀምጦ ሳለ ሕማም ከመቀበል፣ እሑድ ወይም ሰኞ መወጋት ይሻላል። ቀኑን የረሳ ሰው በሁለት እጥፍ አይካስም፤ ኦዜምፒክ እስከ አምስት ቀን፣ ሞንጃሮ እስከ አራት ቀን ድረስ ቢታወስ ይወጋል፤ ከዚያ ካለፈ ያ ሳምንት ይተዋል። ብዙ ሳምንት ያቋረጠም ከተወበት ከፍታ ላይ ራሱ አይቀጥል፤ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ጾምን በተመለከተ፣ በአስተሰርዮና በስግድ ቀን እንጾማለንና፣ መርፌውን የሚወስድ ሰው ከኢንሱሊን ወይም ስኳር ከሚያወርድ ሌላ ኪኒን ጋር የሚወስድ እንደ ሆነ፣ ከበዓሉ አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር ሳይማከር እንዳይጾም እላለሁ፤ የሚያስታውክ፣ የሚያስቀምጠውም ሰው ውኃ ሳይጠጣ መዋሉ ኩላሊቱን ይጎዳዋል። ቀሳውስቶቻችን ለሕሙም የሚሰጡትን ፈቃድ የሚያውቅ ሰው በዚህ አይከራከርም።

ሌላው ፈተና ደግሞ የራሳችን ደግነት ነው። በሠርግ ቤት፣ በተስካርም ቤት የተቀመጠ ሰው ሁለት እንጀራ ብቻ ወስዶ ቢያቆም፣ አስተናጋጅዋ «አፈር ስሆን» እያለች በጉርሻ ላይ ጉርሻ ትጨምርበታለች፤ ጨጓራው ግን በመድኃኒቱ ምክንያት ምሳውን ገና አላስተላለፈም። ቅቤና ቅባት የበዛበት ወጥ ደግሞ ማቅለሽለሹን ያባብሰዋል። እንዲህ ያለውን ሰው አታስገድዱት። የሚበላው ጥቂት ከሆነ ደግሞ ያ ጥቂት እንቁላል፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ሥጋ ይሁን እንጂ ባዶ ዳቦ አይሁን፤ ክብደቱ ሲወርድ የሚቀልጠው ስብ ብቻ ሳይሆን ጡንቻም ነውና፣ ይልቁንም በሸመገለ ሰው ላይ ይህ ለመውደቅና ለመሰበር ምክንያት ይሆናል። በእኛ ባህል «ከሳህ» የሚለው ቃል የኀዘን ቃል ነበረ፤ ዛሬ ምስጋና ሆኗል፤ ለአንዳንዱ ሽማግሌ ግን የቀድሞው ትርጉም አሁንም ይስማማዋል።

ይህን መድኃኒት ሐኪም ሳያውቅ ከቶ መንካት የማይገባው ሰው አለ። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ልትፀንስ ያሰበች፣ የምታጠባም ሴት፣ በዘሩ ሜዱላሪ የሚባለው የእንቅርት ዕጢ ካንሰር ያለበት፣ ቀድሞ ቆሽቱ የተቆጣበት፣ በስኳር ምክንያት ዓይኑ የታመመም ሰው ይህን ሁሉ ለሐኪም ሳይነግር አይጀምር። ሴማግሉታይድ ከመፅነስ ቢያንስ ሁለት ወር አስቀድሞ ይተዋል፤ ሞንጃሮ ደግሞ የወሊድ መከላከያ ኪኒንን ኃይል ይቀንሳልና ወጣት ሴቶች ይህን ልብ ይበሉ። ቀዶ ጥገና ያለበትም ለሰመመን ሰጪው ይንገር። ከላይኛው ሆድ ተነሥቶ ወደ ጀርባ የሚወጋ፣ የማይለቅ ብርቱ ሕመም ከተሰማ፣ ወይም ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሂሌል ያፌ ድንገተኛ ክፍል እንጂ ወደ ነገ አይባልም።

በመጨረሻ ስለ ልጆቻችን እናገራለሁ። በዚህ አገር በመድኃኒቱ ሣጥን ውስጥ ያለው ወረቀት በዕብራይስጥ፣ በዐረብኛና በእንግሊዝኛ ይታተማል፤ በአማርኛ አይታተምም። ስለዚህ በብዙ ቤት ወረቀቱን የሚያነበው፣ ለእናቱም መጠኑን የሚነግራት የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው። ልጁ ብልህ ቢሆንም፣ በ0.25 እና በ2.5 መካከል ያለችውን ነጥብ በእርሱ ትከሻ ላይ መጫን ግፍ ነው፤ እናቱም በልጅዋ ፊት ስለ ፅንስዋ፣ ስለ ሆድዋ መናገር ታፍራለች። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው፣ ከ2013 ጀምሮም በሥራ ላይ ባዋለው መመሪያ፣ ሆስፒታሎችና ኩፓት ሆሊሞች ለሕሙም በሚገባው ቋንቋ እንዲያስረዱት ታዝዘዋል። ይህ ልመና ሳይሆን መብት ነው። እንግዲህ የታዘዘላችሁ ሁሉ፣ የመጀመሪያውን ብዕር በወጥ ቤታችሁ አትክፈቱት፤ እንደ ታሸገ ይዛችሁ ወደ ክሊኒኩ ነርስ ሂዱ፣ በአማርኛ የሚያስተረጉም ሰው ይቅረብልኝ በሉ፣ በፊትዋም በገዛ እጃችሁ ወግታችሁ አሳዩዋት።